ቀስቱ ለምን 76 ላይ ቆመ? ከፖሊመር ላብ የመጡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ዓምዳችን በፖሊመር ቁሶች ላይ የዶክትሬት ጥናት የሚሠሩ አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ስለ መመረቂያ ጽሑፍ አጻጻፍ የጠየቃችሁንን ለሌላ ጊዜ አቆይተን፣ ላብ ውስጥ ሥራ ያስቆሙትን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ በክሎሮፎርም የሟሟ ፒኤልኤ (ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለ ፕላስቲክ) ሳህን ላይ አፍስሼ ፊልም እሠራለሁ፤ ፊልሙን በቫክዩም ኦቨን አደርቃለሁ። የጌጁ ቀስት ከዜሮ በታች 0.076 ሜጋፓስካል ላይ ደርሶ ይቆማል፤ 0.1 አይደርስም። የፓምፑን ዘይት ሁለት ጊዜ ቀየርን፣ የበሩንም ጎማ ለወጥን፤ ለውጥ የለም። አማካሪዬ አዲስ ፓምፕ እንዲገዛ ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። በእርግጥ ፓምፑ ሞቷል? (የ2ኛ ዓመት ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ደብዳቤው ትንሽ ይቆይ። ኦቨኑ ላይ ያለው ባለ ቀስት ጌጅ የሚለካው በውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎፓስካል ስለሚገፋ ቀስቱ እስከ 0.1 ሜጋፓስካል ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ የኦቨኑ ውስጥ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ቀስቱ ከ0.076 ሊያልፍ አይችልም። እርስዎ እንደ ብልሽት ያዩት ነገር ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ነገር ግን ይህ ጌጅ ብዙ አይታመንም። የቀስቱ ውፍረት ብቻ 2 ኪሎፓስካል ያህል ስለሚሸፍን፣ ጥሩ ቫክዩምን ከመካከለኛው አይለይም። ላቡ ፍጹም ግፊት የሚለካ ፒራኒ ጌጅ ካለው በቱቦው ላይ ይግጠሙት። ከሌለ ይህን ይሞክሩ፦ ኦቨኑ ባዶና ቀዝቃዛ እንደሆነ አየሩን በፓምፑ ያስወጡ፣ ቫልቩን ይዝጉ፣ ፓምፑን ያጥፉና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀስቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ ትልቅ ቀዳዳ የለም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ዜሮ መመለስ ከጀመረ የበሩን ጎማ ኢታኖል ባስነካ ጨርቅ ይጥረጉና ይድገሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጎማው ላይ የተጣበቀ ቅንጣት ነው። ፊልም ውስጡ እያለ ይህን ፈተና አያድርጉ፤ የሚተነው ክሎሮፎርም ራሱ ግፊቱን ስለሚያሳድግ ቀዳዳ ያለ ያስመስላል። በኦቨኑና በፓምፑ መካከል ትራፕ (ትነቱን በቅዝቃዜ የሚይዝ ዕቃ) ከሌለ ያው ክሎሮፎርም ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይት በየወሩ ማስቀየር የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ፊልሙ መድረቁን የሚነግርዎት ሚዛን ነው። መጀመሪያ 24 ሰዓት በላብ ሙቀት፣ የተበሳሳ ፎይል ለብሶ፣ ፊዩም ሁድ (ትነት የሚስብ መከለያ) ውስጥ ይቆይ። ወዲያው ወደ ሙቀትና ቫክዩም ካስገቡት ገጹ ቀድሞ ይደርቅና ከታች የቀረው ክሎሮፎርም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ 48 ሰዓት በቫክዩም ያድርቁ። ከ55 ዲግሪ አይለፉ፤ የፒኤልኤ የመለስለሻ ሙቀት (ቲጂ) ከ55 እስከ 60 ባለው ውስጥ ስለሆነ ፊልሙ ይጠማዘዛል፣ ሳያስቡትም ክሪስታል ይሠራል። በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲመዝኑት ልዩነቱ ከ0.1 በመቶ ካነሰ ደርቋል። ዲኤስሲ (ናሙና ሲሞቅ የሚወስደውንና የሚለቀውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) ላይ ቲጂው ከተጠበቀው 10 ዲግሪ ወርዶ ከታየ ደግሞ ክሎሮፎርም አሁንም ውስጡ አለ ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋም ይጠንቀቁ። ዘይት እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ የሌለው የዘይት ፓምፕ በቫክዩም ላይ እያለ ከቆመ ዘይቱን ወደ ኦቨኑ ይመልሳል። መብራቱ እንደሄደ መጀመሪያ የኦቨኑን ቫልቭ ይዝጉ፣ ከዚያ የፓምፑን ጎን ለአየር ይክፈቱ።

ከፍታው ሌላም ቦታ ያገኝዎታል። አንድ የውጭ ጽሑፍ «በቶሉይን ለ6 ሰዓት ሪፍላክስ» (ትነቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ ማፍላት) ካለ ቶሉይኑ የፈላው በ110.6 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በ101 ገደማ ይፈላል፤ ቲኤችኤፍ የተባለው ማሟሚያም ከ66 ወደ 57 ይወርዳል። በ10 ዲግሪ ቅናሽ ብዙ ኬሚካላዊ ምላሾች በግማሽ ገደማ ይዘገያሉ። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ የሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ ያለውን ውጤት በ6 ሰዓት ካላገኙ ካታሊስቱን (ምላሹን የሚያፋጥነውን) ከመክሰስዎ በፊት ቴርሞሜትሩን ፈሳሹ ውስጥ ይክተቱ። ወይ ሰዓቱን ያራዝሙ፣ ወይ ግፊት በሚችል ወፍራም ዝግ ቱቦ ውስጥ በ110 ዲግሪ ዘይት መታጠቢያ ይሥሩት። ማስታወሻ ደብተርዎ ላይም «ሪፍላክስ» ብለው አያቁሙ፤ ዲግሪውን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የ1ኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። 10 ግራም ኤል-ላክታይድ (የፒኤልኤ መነሻ) በቤንዛይል አልኮል አስጀማሪነትና በቲን ኦክቶኤት ካታሊስትነት 130 ዲግሪ ላይ ወደ ፖሊመር እቀይራለሁ፤ የላክታይድና የአስጀማሪው ጥምርታ 200 ለ1 ነው። ስሌቱ 29,000 ግራም በሞል ሞለኪውላዊ ክብደት ይሰጣል። ኤንኤምአርም (የሃይድሮጅኖችን ምልክት የሚለካው) 29,000 ይላል፣ ጂፒሲ (ሰንሰለቶችን በመጠናቸው የሚለየው) ደግሞ 27,600። ሆኖም ላቡ ውስጥ ከተቀመጠው የ29,000 አሮጌ ናሙና ጋር በአንድ መጠን ሳሟሟቸው የእኔው እንደ ውሃ ቀጭን ነው። ማንን ልመን?

መልስ፦ ፈሳሹን ይመኑ። ሁለቱ ቁጥሮች የተስማሙት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለተሳሳቱ ነው።

ከጂፒሲው እንጀምር። መሣሪያው የተስተካከለው በፖሊስታይሪን ስታንዳርድ ከሆነ የሚሰጥዎት ቁጥር ያንን መጠን የሚይዝ ፖሊስታይሪን ክብደት እንጂ የፒኤልኤ አይደለም። ለፒኤልኤ የተለመደው ማስተካከያ በ0.58 ማባዛት ነው። 27,600 በዚህ ሲባዛ 16,000 ይሆናል። ኤንኤምአሩስ? እርስዎ የቆጠሩት የቤንዛይሉን ጫፍ ነው። ሰንሰለት ያስጀመረው ቤንዛይል አልኮል ብቻ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ። ውሃም ሰንሰለት ያስጀምራል፤ በውሃ የተጀመረ ሰንሰለት ግን ቤንዛይል የለውም። ስለዚህ ምንም ያህል ውሃ ቢገባ የላክታይድና የቤንዛይሉ ጥምርታ ያው 200 ሆኖ ይቀራል፣ ኤንኤምአሩም ያው 29,000 እያለ ይቀጥላል።

ምን ያህል ውሃ ነው ይህን ያደረገው? 10 ግራም ላክታይድ 69.4 ሚሊሞል ነው። 200 ለ1 ማለት 0.347 ሚሊሞል ቤንዛይል አልኮል፣ ማለትም 37.5 ሚሊግራም። ሰንሰለቶቹ በአማካይ 16,000 ከሆኑ በእያንዳንዱ ውስጥ 111 ላክታይድ አለ፤ ስለዚህ የሰንሰለቱ ብዛት 0.625 ሚሊሞል ነው። ትርፉ 0.278 ሚሊሞል በውሃ ሲተመን 5 ሚሊግራም ነው። የአንድ ጠብታ አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ሞለኪውላዊ ክብደቱን በግማሽ ገደማ አወረደው ማለት ነው።

ይህን በያዙት ኤንኤምአር ፋይል ዛሬውኑ ማረጋገጥ ይችላሉ። በኤንኤምአሩ መስመር 4.35 ፒፒኤም አካባቢ የሰንሰለቱ ጫፍ፣ ከሃይድሮክሲሉ አጠገብ ያለው ሃይድሮጅን ይታያል፤ ይህ ጫፍ በአልኮል የተጀመረውም በውሃ የተጀመረውም ሰንሰለት ላይ አለ። 7.35 አካባቢ ያሉት አምስቱ የቤንዛይል ሃይድሮጅኖች ናቸው። ሁሉም ሰንሰለት ቤንዛይል ቢኖረው የሁለቱ ጥምርታ 5 ለ1 ይሆን ነበር። የእርስዎ 2.8 ለ1 አካባቢ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። የክሎሮፎርሙ ምልክት 7.26 ላይ ስለሚመጣ ስፋቱን ሲለኩ አብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም። ላክታይዱን ከደረቀ ቶሉይን ሁለት ጊዜ መልሰው ክሪስታል ያድርጉና በቫክዩም ያድርቁ። ቤንዛይል አልኮሉን በቫክዩም አንጥረው (ዲስቲል አድርገው) 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ፍሬ) ላይ ያስቀምጡ፤ ሲቩ ራሱ አስቀድሞ 250 ዲግሪና ከዚያ በላይ በቫክዩም ቢያንስ አንድ ሌሊት ያላደረ ከሆነ ጌጥ ብቻ ነው። ቲን ኦክቶኤትም እንደተገዛ ውሃና ነፃ አሲድ ይይዛል። ብርጭቆው ሌሊቱን 120 ዲግሪ ላይ ይደር፣ በትኩሱ ይገጣጠም፣ በናይትሮጅን ስር ይቀዝቅዝ። ከዚያ ላክታይዱን በካርል ፊሸር (የውሃ መጠን መለኪያ) ይለኩት፤ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 ክፍል) ከደረሱ በ10 ግራም ውስጥ የቀረው ውሃ 0.5 ሚሊግራም ነው፣ እሱም የአስጀማሪውን 8 በመቶ ብቻ ያህላል። 37.5 ሚሊግራሙንም በቀጥታ አይመዝኑ፦ 375 ሚሊግራም በደረቀ ቶሉይን እስከ 10 ሚሊሊትር ሞልተው 1 ሚሊሊትር ይውሰዱ፣ ቶሉይኑን በቫክዩም የሚያስወጡ ከሆነ አልኮሉም አብሮ እንዳይሄድ በአጭሩ።

ጥያቄ፦ የቫክዩም መስመሩን ስዘጋ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተከበበው ትራፕ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ አየሁ። ምንድን ነው? (ስዊድን)

መልስ፦ ፈሳሽ ኦክስጅን ነው፤ ትራፑ ውስጥ ከተከማቸ ቶሉይን ወይም ቲኤችኤፍ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ሌላ ጊዜ ካዩ አይንኩት፣ ምንም ቫልቭ ዘግተው አያፍኑት፤ የሁዱን መስኮት አውርደው ሰዎችን ከክፍሉ ያስወጡና የደኅንነት ኃላፊውን ይጥሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሲሆን ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ላይ ነው፤ አየር በቀዝቃዛው ትራፕ ላይ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ይጤዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ፓምፑ ይነሳ፣ መስመሩ መዘጋቱ ይረጋገጥ፣ ናይትሮጅኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሲጨርሱ በተቃራኒው ነው፦ ትራፑን ከናይትሮጅኑ ሳያወጡ አየር አያስገቡ። አርጎንም ከዜሮ በታች 186 ላይ ስለሚፈላ በዚያው ትራፕ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀለም ስለሌለው አያዩትም፤ ሲሞቅ ግን ዝግ ብርጭቆን ይበታትናል።

ጥያቄ፦ የእንሰት ቃጫ በፒኤልኤ ውስጥ ማጠናከሪያ አድርጌ እየሠራሁ ነው። ቃጫውን በ10 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ 24 ሰዓት እዘፈዝፋለሁ፣ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፣ ከዚያ 30 በመቶ አድርጌ በኤክስትሩደር (አቅልጦ በስክሩ በሚገፋ ማሽን) በ200 ዲግሪ እቀላቅላለሁ። የወጣው ቁስ ጠቁሯል፣ የመጎተት ጥንካሬውም ከንጹሁ ፒኤልኤ በታች ሆኗል። አማካሪዬ «ቃጫው ደካማ ነው» አሉኝ። (ሐዋሳ)

መልስ፦ ቃጫው ላይ ከመፍረድ በፊት አያያዙን እንመልከት። ገመድ የሚገመድበት ቃጫ በአንድ ቀን ደካማ አይሆንም፤ ደካማ ያደርጉታል እንጂ።

ትልቁ ጥፋት ውሃ ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቃጫ ለእጅ ደረቅ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ቃጫ ግን የክብደቱን 8 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ መቅረቱ የተለመደ ነው። በ1 ኪሎ ድብልቅ ውስጥ 300 ግራም ቃጫ ካለ 24 ግራም ውሃ አብሮ ገባ፤ 1,332 ሚሊሞል ነው። የቀረው 700 ግራም ፒኤልኤ በአማካይ 100,000 ከሆነ የሰንሰለቶቹ ብዛት 7 ሚሊሞል ብቻ ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል አንድ ሰንሰለት አንድ ጊዜ ይቆርጣል። ከገባው ውሃ ከመቶ አንዱ እንኳ ቢሠራ (13 ሚሊሞል) የሰንሰለቱ ብዛት 20 ይሆንና 100,000 የነበረው ወደ 35,000 ይወርዳል። ቃጫው ሳይሆን የያዘው ፒኤልኤ ነው የተሰባበረው።

ስለዚህ ቃጫውን 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት፣ ከኦቨን ሲወጣ በትኩሱ ሲሊካ ጄል ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ያስገቡት። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል፤ በክረምት ደግሞ ይብስበታል። የፒኤልኤውን ፍሬ 80 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ያድርቁ፤ የሚፈለገው ከ250 ፒፒኤም በታች ነው። ክሪስታል የሌለው ግልጽ ፍሬ ከሆነ ግን በ80 ዲግሪ እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናልና በ45 ዲግሪ ረዘም አድርገው ያድርቁ።

ሁለተኛው ሶዳው ነው። 10 በመቶ ለ24 ሰዓት ሴሉሎሱን ራሱን ይጎዳል። 5 በመቶ፣ በላብ ሙቀት፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃል፤ ለ50 ግራም ቃጫ 1 ሊትር። ሶዳውን ወደ ውሃው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም። የአሉሚኒየም ድስት አይጠቀሙ፤ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ከዚያ እጥበቱ። ቃጫው ውስጥ የቀረ ሶዳ ኤክስትሩደሩ ውስጥ ፒኤልኤውን መቁረጡን ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማጠቢያውን ውሃ ፒኤች ለክቶ 7 ሲሆን «ታጥቧል» በማለቱ ነው፤ ሶዳው ግን ገና ቃጫው ውስጥ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካለቀለቁት በኋላ በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ እንደገና ያለቅልቁ፣ በንጹህ ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያንን ውሃ ይለኩ።

ሙቀቱንም ወደ 170 እስከ 185 ያውርዱት። ከ200 በላይ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን መበስበስ ይጀምራሉ፤ ጥቁረቱና የተቃጠለ ሽታው ከዚያ ነው። ጌጁ 200 ቢልም በስክሩው መፋተግ ውስጡ ከዚያ ይበልጣል።

ሁሉንም አስተካክለው አሁንም ጥንካሬው ካልጨመረ የተሰበረውን ገጽ በማጉያ መነጽር ይዩት። ቃጫዎቹ ረጅም ሆነው ንጹህ ጉድጓድ ትተው ከወጡ ከፒኤልኤው ጋር አልተያያዙም። ከገጹ ጋር እኩል ከተቆረጡ መያያዛቸው ደህና ነው፤ ችግሩ የቃጫው ማጠር ወይም አንድ ቦታ መከማቸት ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አምስት ናሙና ይጎትቱ። ማሽኑ ኤክስቴንሶሜትር (የናሙናውን መለጠጥ በቀጥታ የሚለካ) ከሌለው ደግሞ ከመንጋጋው እንቅስቃሴ ያሰሉትን ሞጁለስ (የቁሱን ግትርነት) ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አያወዳድሩ፤ የማሽኑ መለጠጥ አብሮ ስለሚቆጠር ከ3 ጊጋፓስካል በላይ ሊሆን የሚገባው ከግማሽ በታች ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ዓይነት ድብልቅ ላይ ዲኤስሲ 28 ጁል በግራም የመቅለጥ ሙቀት ሰጠኝ። ለ93 (ሙሉ በሙሉ ክሪስታል ለሆነ ፒኤልኤ በሚወሰደው ቁጥር) አካፍዬ 30 በመቶ ክሪስታል ብዬ ጻፍኩ፤ ገምጋሚው መለሰብኝ። (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ገምጋሚው ትክክል ነው። በማሞቅ ላይ እያለ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሙቀት የሚለቅ ጉብታ ካለ ያ ዲኤስሲው ውስጥ አዲስ የተሠራ ክሪስታል ነው፤ ናሙናዎ ይዞት አልመጣም። ይቀነስ። 20 ጁል ከሆነ 28 ሲቀነስ 20፣ 8 ይቀራል። ከተመዘነው ውስጥ ደግሞ ፒኤልኤ 70 በመቶው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማካፈያው 93 ሲባዛ 0.7፣ ማለትም 65.1 ነው። መልሱ 12 በመቶ ገደማ። ስለ አሠራሩ ለመናገር የመጀመሪያውን ማሞቅ፣ ስለ ቁሱ ለመናገር ሁለተኛውን ይጠቀሙ፤ የትኛው እንደሆነም ይጻፉ። ከዚያ በፊት ኢንዲየም ያስኪዱ፦ በ156.6 ዲግሪ መቅለጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ከእኔ በፊት የነበረው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል። ፍሪዘሩ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «ጥሩው» በሚሉ ብልቃጦች ተሞልቷል። አማካሪዬ በእነሱ ላይ ጽሑፍ እንድጨርስ ይፈልጋሉ። የደራሲነት ቅደም ተከተሉስ? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ከአማካሪዎና ከተመረቀው ተማሪ ጋር አንድ ላይ፣ አሁን፣ ሥራው ሳይጀመር ይነጋገሩና በኢሜይል ያስቀሩት። ካለቀ በኋላ የሚደረግ ንግግር ቅያሜ ነው የሚያተርፈው። ልጁን አሁኑኑ ይደውሉለት፤ በስድስት ወር ውስጥ «ጥሩው» የቱ እንደነበር እሱም ይረሳል።

በብልቃጦቹ ግን ቁጥር አይለኩ። ደብተር ላይ ካልተመዘገቡ ጂፒሲና ዲኤስሲ ማንነታቸውን እንጂ አሠራራቸውን አይነግርዎትም፤ ያለ አሠራር ደግሞ ጽሑፍ የለም። የፒኤልኤ ናሙና በላብ ሙቀት በቀናት ውስጥ እንኳ ተሰባሪ እየሆነ ስለሚሄድ፣ የሁለት ዓመት ናሙና ጎትተው ከትናንቱ ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ዕድሜ፣ ለምሳሌ ከተሠሩ በ7ኛው ቀን ይጎትቱ። ሦስቱን ዋና ናሙና መርጠው እንደገና ይሥሩ፤ ካልተመሳሰሉ የአሮጌዎቹ ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ አይግባ።

የእርስዎ ብልቃጥ ላይ የእርስዎ ፊደል፣ የደብተሩ ቁጥር፣ የገጹ ቁጥርና ቀን ይኑር፤ የተቀረው ደብተሩ ላይ ነው። በማርከር በቀጥታ ብርጭቆው ላይ አይጻፉ፤ አሴቶን ወይም ቶሉይን የነካው ጓንት አንድ ጊዜ ሲይዘው ይጠፋል። በእርሳስ ወረቀት ላይ ይጻፉና ዙሪያውን በግልጽ ፕላስተር ይጠቅልሉት። ፕላስተሩ ጫፉ በራሱ ላይ ካልተደረበ ፍሪዘር ውስጥ ይላቀቃል።